ያልተገባ ሁሉ ጸያፍ አይደለም፦ የሁለቱ ድንበር የት ላይ ነው?

በጎጃም ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ነውር ነው» የሚለው ነው። በግራ እጁ እንጀራ የቆረሰ ሕፃን ነውር ነው ይባላል። አዛውንት ሲገቡ ከመቀመጫው ያልተነሣ ወጣት፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጦ ጮክ ብሎ የሳቀ ጎረቤት፣ ታላቁን «አንተ» ብሎ የጠራ ተማሪም እንዲሁ ይባላሉ። በአደባባይ ሱሪውን ፈትቶ መንገደኛ ሴቶችን ያስደነገጠ ጎልማሳም የሚነቀፈው በዚያው ቃል ነው፤ «ነውረኛ» ይሉታል። በአንድ ቁና ጤፉም ባቄላውም ድንጋዩም ሲሰፈር ሰፋሪው የያዘውን እህል መለየት እንደሚያቅተው ሁሉ፣ እኛም እነዚህን የተራራቁ ድርጊቶች በአንድ ስም መጥራታችን በመካከላቸው ያለውን ልዩነት እየሸፈነብን ነው።

ስሕተቱ የሚሄደው በሁለት አቅጣጫ ነው። በአንድ በኩል፣ ሱሪ የለበሰች ወይም ጸጉሯን ያሳጠረች ልጅ «ጸያፍ ሥራ ሠራች» ተብላ እንደ ወንጀለኛ ትታያለች። በሌላ በኩል፣ በተጨናነቀ መኪና ውስጥ የሰው ገላ የሚዳብስ ሰው «ትንሽ ባለጌ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ትንሹ ሲጋነን፣ ትልቁ ሲቃለል፣ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ራሱን ለመከላከል አቅም የሌለው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ያልተገባ ድርጊት ምን እንደሆነ፣ ጸያፍ ድርጊት ምን እንደሆነ፣ ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩና ልዩነቱ በሕግም በኑሮም ምን እንደሚለውጥ ለማስረዳት ይሞክራል።

ቃላቱ ራሳቸው ምን ይላሉ?

«ያልተገባ» የሚለው ቃል ጥያቄውን ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል። አንድ ነገር «ተገባ» የሚባለው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቦታ ወይም ለአንድ ጊዜ ሲስማማ ነው። ስለዚህ ያልተገባ ነው የተባለ ድርጊት ሁሉ «ለማን? የት? መቼ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ መልሱም እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለወጣል።

«ነውር» ጥንታዊ ትርጉሙ እንከን ወይም ጉድለት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 የፋሲካው ጠቦት «ነውር የሌለበት» ይሁን ሲባል፣ ጠቦቱ አካሉ የጎደለ ወይም የታመመ አይሁን ማለት ነው እንጂ ስለ ጠቦቱ ጠባይ የሚናገር አይደለም። በኋላ ቃሉ ከአካል ወደ ምግባር ተሸጋገረና በሰው አኗኗር ላይ የሚታይን ጉድለት ሁሉ ለመጥራት ዋለ፤ ትንሹንም ትልቁንም አንድ ላይ የሚያቅፈውም ስለዚህ ነው።

«ጸያፍ» ግን ከ«ተጸየፈ» የመጣ ነው። ይህ ቃል ስለ ድርጊቱ ብቻ ሳይሆን ድርጊቱን ስላየው ሰውም ይናገራል፤ ተመልካቹ ማየቱን ጠልቶ ፊቱን እንዳዞረ ይነግረናል። «ብልግና» በበኩሉ የጨዋነት ተቃራኒ ሆኖ ያልተገራ ጠባይን ያመለክታል፤ በዕለት ተዕለት ንግግራችን ከተራ ስድብ እስከ ወሲባዊ ቅሌት ድረስ ስለሚለጠጥ ለዚህ ማብራሪያ ብዙም አያገለግለንም።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለቱን ሳታብራራ ትለያቸው ነበር። ያልተገባ ነገር ስታይ አፏ ይከፈታል፤ ትቆጣለች፣ ትመክራለች፣ «ነውር ነው ልጄ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ መታ ታደርገናለች። ጸያፍ ነገር ስታይ ግን ቃል አይወጣትም፤ በስመ አብ ብላ አማትባ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስብና ዞር ትላለች። የመጀመሪያው የሚታረም ስለሆነ ትናገርበታለች፤ ሁለተኛው መታየት ያልነበረበት ስለሆነ ትሸፍነዋለች። እኔ አሁን በብዙ አንቀጽ ለመግለጽ የምታገለው እሷ በእጇ እንቅስቃሴ የምታሳየውን ነው።

ያልተገባ ድርጊት እንዴት ያለ ነው?

ያልተገባ ድርጊት ሰዎች አብረው ለመኖር ያበጁትን ሥርዓት የሚጥስ ድርጊት ነው። ሥርዓቱ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የትምህርት ቤት ደንብ፣ የመሥሪያ ቤት የዲሲፕሊን መመሪያ እንዲህ ያለ ነው። ብዙው ግን ያልተጻፈ ነው፤ ጎርሶ ያልጨረሰ ሰው እንዳያወራ፣ እንግዳ ሳይቀመጥ ባለቤቱ እንዳይቀመጥ የሚያዝ የጽሑፍ አንቀጽ የለም፤ ሆኖም ሁሉም ያውቀዋል።

የዚህ ዓይነቱ ጥፋት ዋና ምልክቱ ድርጊቱ በራሱ ክፉ አለመሆኑ ነው። ማረሻ መልካም ዕቃ ነው፤ የሙሽራ አልጋ ላይ ሲቀመጥ ግን ቦታውን ስቷል። ሳቅም እንዲሁ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ ሰርግ ቤት ድግሱን የሚያደምቀው ሳቅ፣ አጥር ተሻግሮ በልቅሶ ድንኳን ሥር ሲሰማ ሐዘንተኛውን ያቆስላል። ሳቁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሰውና ሁኔታ ነው። ድርጊቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ ወይም ጊዜ በማዛወር ጥፋቱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያ ድርጊት ያልተገባ እንጂ ጸያፍ አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት ከአገር አገር፣ ከትውልድ ትውልድ መለዋወጡ ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ እንኳ ገጠሩና ከተማው፣ አዛውንቱና ተማሪው የሚስማሙበት ሥርዓት አንድ ዓይነት አይደለም። ወጣት ሴት ከእኩያዋ ወንድ ጋር ቡና ቤት ተቀምጣ ማኪያቶ መጠጣቷ ባሕር ዳር ውስጥ ማንንም ቀና አያደርግም፤ በአንዳንድ የገጠር ቀበሌ ግን አሁንም ያነጋግራል። ይህ መለዋወጥ ሥርዓት ከንቱ ነው አያሰኝም፤ የሥርዓት ጥሰት በጸያፍነት ሚዛን መመዘን እንደሌለበት ግን ያሳያል።

ሦስተኛው፣ ያልተገባ ድርጊት በቀላሉ የሚጠገን መሆኑ ነው። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ማለት፣ ሽማግሌ ልኮ መታረቅ፣ የእድሩን ቅጣት መክፈል፣ በመሥሪያ ቤት ከሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መቀበል ይበቃዋል።

ታዲያ ጸያፍ የሚባለው የቱ ነው?

እዚህ ላይ አማርኛ ከብዙ ማብራሪያ የሚገላግል ቃል አለው፤ ገመና። ገመና ማለት ሰው ከሌላው ዓይን የሚሰውረው፣ ሲገለጥበት የሚያሳፍረው የግል ነገሩ ነው፤ የገላው ስውር ክፍል፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ደጅ ሲወጣ የሚያደርገው ነገር። እነዚህ ነገሮች ክፉ ስለሆኑ አይደለም የሚሸፈኑት። ወሲብ በትዳር ውስጥ የተባረከ ነው፤ ሰውም ሆኖ ደጅ የማይወጣ የለም። የሚሸፈኑት የሰው ክብር በመሸፈናቸው ስለሚጠበቅ ነው።

ጸያፍ ድርጊት ይህን ገመና ባለቤቱ ወይም ተመልካቹ ባልፈቀደበት ሁኔታ አደባባይ የሚያወጣ ድርጊት ነው። ልዩነቱን በቤት ማሰብ ይቻላል። አንድ እንግዳ እልፍኝ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ ቢረግጥ፣ ሳይጋበዝ ከወንበሩ ሁሉ ከፍ ያለውን ቢይዝ፣ ያልተገባ ነገር አድርጓል፤ ባለቤቱ ቅር ይለዋል፤ ግን ቤቱ ቤት ሆኖ ይቀጥላል። እንግዳው ተነሥቶ የጓዳውን መጋረጃ ቢገልጥና ልብስ በመለወጥ ላይ ያለችውን የቤቱን ልጅ በእንግዶች ሁሉ ፊት ቢያጋልጥ ግን የጣሰው የአቀማመጥ ሥርዓት አይደለም። ቤትን ቤት የሚያደርገውን ነገር አፍርሷል። ያልተገባ ድርጊት ሥርዓትን ይጥሳል፤ ጸያፍ ድርጊት ገመናን ይገልጣል።

ይህ አነጋገር አንድ ተጨማሪ ነገር ያስረዳል። ያልተገባ ድርጊት ብዙ ሲደጋገም ወደ ጸያፍነት የሚያድግ አይደለም። አንድ ሰው ሺህ ጊዜ በግራ እጁ ቢበላ፣ ዕድሜ ልኩን አዛውንት ቢዘልፍ፣ ስድ አደግ ይባል ይሆናል፤ ጸያፍ ድርጊት ግን አልፈጸመም። ሁለቱ የአንድ መሰላል ታችኛና ላይኛ ደረጃዎች ሳይሆኑ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው፣ «ዛሬ ሱሪ የለበሰች ነገ ምን እንደምታደርግ ይታወቃል» የሚለው ክርክር የቆመው ሁለቱን በአንድ መሰላል ላይ በመደርደር ስለሆነ ነው።

ታዲያ ራቁትነት ሁሉ ጸያፍ ነው?

አይደለም፤ ለዚህም ማስረጃውን ከራሳችን ኑሮ ማምጣት ይቻላል። ጎጃም ውስጥ በየገዳማቱና በየደብሩ ባለው የጸበል ቦታ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ወይም ጥቂት ብቻ ለብሰው ይጠመቃሉ። ወንዱና ሴቱ ተለይተው፣ የሚያጠምቁት አባት ዓይናቸውን በሥራቸው ላይ አድርገው፣ ተራ የሚጠብቀውም ፊቱን መልሶ ይቆማል። በዚያ ቦታ ገላው ተገልጦ ገመናው ግን አልተገለጠም፤ የሁሉም ስምምነት ከልብስ ይልቅ ሸፍኖታልና። አንድ ሰው በዚያው ሰዓት ስልኩን አውጥቶ የሚጠመቁትን ቢቀርጽ ጸያፍ ድርጊት የፈጸመው እሱ ነው፤ የለበሰው እሱ ነው፣ ራቁታቸውን ያሉት እነሱ ናቸው፣ ጸያፉ ግን የእሱ ድርጊት ነው።

በገበያ ቀን ደንበጫ ወይም ዳንግላ ላይ እህሏን ዘርግታ የተቀመጠች እናት ልጇ ሲያለቅስ ጡቷን አውጥታ ታጠባለች። ማንም ዞሮ አያይም፤ የሚያይም ካለ ነውሩ የእሱ ነው። ይህ በጎጃም ከጥንት ጀምሮ ያልተጻፈ ነገር ግን የጸና ፍርድ ነው፤ የጡት ጥቅም መመገብ በሆነበት ሰዓት ጡት ገመና አይደለም።

ከሁሉ የሚያከራክረው በከተማ መንገድ ዳር ግድግዳ ላይ የሚሸና ሰው ነው። ያልተገባ ነው ወይስ ጸያፍ? እኔ የምመልሰው ሦስት ነገሮችን ጠይቄ ነው። ሌላ ቦታ ነበረው ወይ? የሕዝብ መጸዳጃ በሌለበት ከተማ የተቸገረን ሰው መውቀስ ከከተማው ወቀሳ በኋላ የሚመጣ ነው። ራሱን ለመሰወር ሞክሯል ወይ? ጥግ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ገመናውን ለመሸፈን አቅሙን ሁሉ አድርጓል፤ ድርጊቱ ያልተገባ፣ ለጤናም ጎጂ ነው፤ ጸያፍ ለማለት ግን ይከብዳል። የመጨረሻውና ዋናው ጥያቄ ግን ማን እንዲያየው ፈልጎ ነው የሚለው ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶች ሲመጡ ጠብቆ ወደ እነሱ የዞረ ሰው፣ ምንም እንኳ የተገለጠው የሰውነት ክፍል ያው አንዱ ቢሆን፣ የሠራው ሥራ ሌላ ነው። መታየቱን ዓላማው አድርጎታል፤ ሳይወዱ እንዲያዩም አስገድዷቸዋል።

ስለ ወሲብ መናገርስ?

ብዙ ሰው ጸያፍ ንግግርን በርእሱ ይለያል፤ ስለ ወሲብ ከሆነ ጸያፍ ነው ብሎ ይደመድማል። ይህ ትክክል አይደለም። አንዱ የሰውነት ክፍል በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ኀፍረተ ሥጋ ይባላል፤ በጤና ኬላ ብልት ይባላል፤ በጠላ ቤት ደግሞ እዚህ የማልጽፈው ሌላ ስም አለው። የተጠራው ነገር አንድ ነው። የመጀመሪያው ስም በአክብሮት ይሸፍነዋል፤ ሁለተኛው ለሕክምና ያህል ብቻ ይገልጠዋል፤ ሦስተኛው ሰሚውን ለማዋረድ ወይም ለማሸማቀቅ ያራቁተዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያና ስለ አባላዘር በሽታ ስታስተምር ያፈሩ እናቶች «ነውር ነው» ሊሏት ይችላሉ፤ ነገር ግን ትምህርቷ ያልተገባም ጸያፍም አይደለም። ሰው በማያውቀው ነገር እንዳይሞት የሚነገር ነውና።

ጎጃም ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ የሆነ ትልቅ ትምህርት ቤት ያለው አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነው በቅኔ ነው፤ የቅኔውም ጥበብ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የሚታየው ትርጉም፣ ወርቁ የተሰወረው ትርጉም ነው። በዚህ አካሄድ የሠለጠነ ሕዝብ፣ አዝማሪው በሰርግ ቤት ስለ ፍቅርና ስለ አልጋ በሰም ሸፍኖ ሲናገር ይስቃል፣ ይሸልማልም። ያው ሐሳብ ሰሙ ተገፎ በግልጽ ስድ ቃል ቢነገር ግን አባቶች ተነሥተው ይወጣሉ። ሰሚዎቹ የተለያዩት በሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡ ልብስ ለብሶ በመምጣቱና ባለመምጣቱ ነው። ሕፃኑ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ያልፋል፤ ዐዋቂው ወርቁን ያገኛል፤ ማንም ያለፈቃዱ የሰው ገመና አላየም።

ሆኖም ልማድ ስለሆነ ብቻ ሁሉም የተሸፈነ ነው ማለት አይቻልም። የሙሽራይቱን ድንግልና በደም ምልክት አረጋግጦ «ብር አምባር ሰበረ» እያሉ በአደባባይ መዝፈን በክብር የሚታይ ሥርዓት ነበር። ያኔ ለቤተሰቡ ኩራት ነበር፤ የልጅቷ ገመና ግን የሰፈሩ ሁሉ ወሬ ይሆን ነበር። ምልክቱ ያልታየላት ልጅ የሚደርስባትን መከራ የሚያስብ ሰው፣ ሥርዓት የሆነ ነገር ሁሉ ገመናን ይጠብቃል ብሎ አይደፍርም።

መጸየፋችን ብቻውን ማስረጃ ይሆናል?

ይህ የጉዳዩ ከባድ ክፍል ነው። ጸያፍ የተባለው ነገር ስለምንጸየፈው ከሆነ፣ የምንጸየፈው ሁሉ ጸያፍ ነው ማለት ነው? ታሪካችን አይደለም ብሎ ይመልሳል። በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን ስንጸየፍ ኖረናል፤ ከእነርሱ ጋር ማዕድ መቁረስ የሚያረክስ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። የሥጋ ደዌ የያዘውን ሰው፣ በወሊድ ምክንያት ፌስቱላ ያገኛትን እናት ሕዝቡ ሲጸየፍ ኖሯል። ከእነዚህ አንዱም የማንንም ገመና አልገለጠም፤ ማንንም አላዋረደም። የተዋረዱት እነሱ ነበሩ።

ስለዚህ መጸየፍ ማንቂያ ደወል ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ግን አይደለም። ደወሉ ሲሰማ መጠየቅ ያለበት «የማን ገመና ተገለጠ? ማን ሳይፈቅድ እንዲያይ ተገደደ?» የሚለው ነው። ለሁለቱም መልስ ከጠፋ የተነካው ልማዳችን ወይም ኩራታችን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የወንጀል ሕግ ዋና መርሕ በሕግ ወንጀል ተብሎ ያልተደነገገ ድርጊት አያስቀጣም የሚል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይህን በአንቀጽ 2 ያስቀምጣል። በዚህ ምክንያት ያልተገባ ድርጊት ብቻውን ለፖሊስ ጉዳይ አይሆንም፤ የሽማግሌ፣ የወላጅ፣ የእድር ወይም የመሥሪያ ቤት ዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ያልተገባ ጠባይ ሌላ የተለየ ወንጀልን ሲነካ፣ ለምሳሌ ስድቡ የሰውን ክብር ሲያዋርድ፣ ሕጉ የሚገባው በዚያ በተለየው ወንጀል በኩል ነው።

ጸያፍ ድርጊት ግን በሕጉ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። አንቀጽ 639 በአደባባይ ወይም ሕዝብ ሊያየው በሚችል ቦታ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸምን፣ እንዲሁም መልካም ጠባይን በከባድ ሁኔታ የሚጻረር ሌላ ጸያፍ ድርጊት ወይም ምልክት ማሳየትን ወንጀል ያደርጋል። አንቀጽ 640 ደግሞ ጸያፍ ጽሑፍንና ምስልን ማዘጋጀትንና ማሰራጨትን ይመለከታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው ድርጊቱ የሕዝብ ዓይን በሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት፤ በዝግ ቤት ውስጥ ያለ ነገር በዚህ አንቀጽ አይገዛም። ሁለተኛው ተራ ቅሬታ አይበቃም፤ ጥሰቱ ከባድ መሆን አለበት። «እኔን አላስደሰተኝም» የሚል ሰው የሕጉን መስፈርት አላሟላም።

«ከባድ» የሚለውን የሚመዝነው ማን ነው? ይህ ጥያቄ የሌሎችን አገሮች ዳኞችም አስቸግሯል። በእንግሊዝ በ1868 እ.ኤ.አ. የተሰጠ ፍርድ ጽሑፉ ለመጥፎ ተጽዕኖ የተጋለጠን አእምሮ ያበላሻል ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ይህ መለኪያ ለልጅ የማይሆነውን ሁሉ ለዐዋቂም እስከ መከልከል ያደርስ ነበር። በአሜሪካ በ1964 እ.ኤ.አ. አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ጸያፍ የሆነውን በቃል መተርጎም ሊያቅታቸው እንደሚችል፣ ነገር ግን ሲያዩት እንደሚያውቁት ጻፉ፤ የአያቴም ነጠላ የሚለው ይህንኑ ነበር። ያው ፍርድ ቤት በ1973 እ.ኤ.አ. ሦስት መመዘኛዎችን አስቀመጠ፤ በአካባቢው ማኅበረሰብ መለኪያ የሥራው አጠቃላይ ይዘት የወሲብ ፍትወትን ለመቀስቀስ የተሠራ መሆኑ፣ ወሲባዊ ድርጊትን በግልጽ አስነዋሪ በሆነ መንገድ ማሳየቱ፣ እንዲሁም ቁም ነገር ያለው የሥነ ጽሑፍ፣ የኪነ ጥበብ፣ የፖለቲካ ወይም የሳይንስ ዋጋ ማጣቱ ናቸው። ሦስቱም ካልተሟሉ ሥራው ጸያፍ አይባልም።

ያለፈቃድ መንካትስ ከሁለቱ የቱ ነው?

ከሁለቱም አይደለም፤ ከሁለቱም ይብሳል። ከዓመታት በፊት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ መኪና ውስጥ አንዲት ተማሪ ከአጠገቧ የተቀመጠውን ሰው እጅ ከጭኗ ላይ አንሥታ ጮኸች። ከኋላ ያሉ ተሳፋሪዎች «ተይው ልጄ፣ ባለጌ ነው» አሏት። በክፋት አልነበረም፤ ሊያጽናኗት ነበር። ነገር ግን በዚያች አንዲት ቃል ድርጊቱ ከጥቃት ወደ ጠባይ ጉድለት ወረደ፤ መታገሥ ያለባትም እሷ ሆነች። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጸያፍ ድርጊት ገመናን ለዓይን ይገልጣል፤ ጥቃት ግን ወደ ገመናው ይገባል። ተጎጂው በአጠቃላይ ሕዝቡ ሳይሆን አንድ የታወቀ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በሥራ ቦታ ሲተረጉም፣ ያለፈቃድ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ መገፋፋትን ጾታዊ ትንኮሳ ይለዋል፤ ኃይል ሲታከልበት ደግሞ ጾታዊ ጥቃት ይለዋል። ከዚህ አዋጅ ትርጉም ውስጥ የተጎጂዋ ልብስ፣ ጠባይ ወይም ሰዓት አልገባም፤ የገባው ፈቃድ ብቻ ነው። ሽምግልና በጎጃም የተከበረ የሰላም መንገድ ነው፤ ብዙ ደምም አድርቋል። ያልተገባ ቃል የተናገሩ ጎረቤታሞችን ማስታረቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ የተደፈረች ልጅን ጉዳይ በካሣና በእርቅ ዘግቶ ዝም ማሰኘት ሌላ ነው። ሁለተኛው ሽማግሌዎቹ ሥልጣን የሌላቸው ነገር ነው።

ስልክ ምን ለወጠ?

ድሮ ጸያፍ ድርጊት ያየው በስፍራው የነበረው ሰው ብቻ ነበር። ፊት ማዞር ይቻል ነበር፤ ወሬውም ከሦስት ቀበሌ ሳያልፍ ይረሳ ነበር። አሁን በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል የሆነ ነገር በአንድ ሌሊት በቴሌግራም ከሞጣ እስከ ዲያስፖራ ይደርሳል። በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ሕዝቡ ጸያፍ የሚለው ምስሉ ላይ የምትታየዋን ልጅ ነው። ልጅቷ በዝግ ቤት ለምታምነው ሰው ያደረገችው ነገር ቢበዛ ያልተገባ ሊባል ይችላል፤ ያም ቢሆን በራሷ ቤተሰብና በንስሐ አባቷ መካከል የሚታይ ነው። ገመናውን አደባባይ ያወጣው የለቀቀው ሰው ነው፤ ከእርሱም ተቀብሎ «ጉድ እዩ» ብሎ ያስተላለፈ ሁሉ መጋረጃውን እንደገና ገልጧል።

በምስሉ ላይ ያለው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከሁሉ ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 12 በልጆች ላይ በኮምፒውተር የሚፈጸሙ ጸያፍ ድርጊቶችን ለይቶ ወንጀል ያደርጋል፤ እንዲህ ያለውን ምስል ማሰራጨትም በዚያው ይታያል። ምስሉን ለማጋለጥ ወይም ለማውገዝ ብሎ ማስተላለፍ ለልጁ ያው መስፋፋት ነው፤ የተመለከተው ሰው ቁጥር በውግዘት አይቀንስም። እንዲህ ያለ ነገር በስልኩ የደረሰው ሰው ለማንም ሳያስተላልፍ፣ ማን እንደላከለትና መቼ እንደደረሰው አስታውሶ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ይገባዋል፤ የልጁን ወላጆች የሚያውቃቸው ከሆነም ምስሉን ሳያሳይ በቃል ብቻ ይንገራቸው።